«እትዬ፣ 400 ሺህ ብቻ ነው የምንጨምረው»

እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ አንባቢ ነኝ። ሌሊት ሥራ ጨርሼ ጋደም ስል የእናንተን ታሪክ እያነበብኩ ስንቴ አልቅሻለሁ፣ ስንቴ ብቻዬን ስቄያለሁ። ዛሬ የራሴን ልጻፍ ብዬ ነው። የኔ ግን የፍቅርም የማዳምም ታሪክ አይደለም፣ የመኪና ነው። ሁለት ያረጁ የናፍጣ ፒካፖች፣ አንዱ የእኛ አንዱ የሰው፤ «እንለዋወጥ» ተብሎ ሦስት ወር እንቅልፍ ያጣሁበት ጉዳይ። አትሳቁብኝ። እኛ በላክነው ብር ሀገር ቤት ባጃጅ ወይ ፒካፕ የተገዛልን ስንቶቻችን ነን? ከዚያ በኋላስ «ይቀየር፣ ይጨመርበት» የሚል ድምፅ በስልኳ ያልገባላት አለች?

እኔ ሪያድ ነው ያለሁት። 10ኛ ክፍል ማትሪክ ተፈትኜ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር በ2010 መጨረሻ መጣሁ፣ በ1000 ሪያል። አሁን 27 ዓመቴ ነው፣ ሁለተኛ ቤቴ ነው፣ ደሞዜ 1300 ደርሷል። የእኛ ፒካፕ ቶዮታ ሃይሉክስ ሲንግል ጋቢና ነው፣ የ1999 ሞዴል፣ ሞተሩ 5ኤል የሚባለው። ክረምት 2014 ለሁለት ወር እረፍት ስገባ በ700 ሺህ ብር ገዛነው። 450 ሺው የኔ ነው። የቀረውን አጎቴ ጥቂት አበደረን፣ እናቴ ሁለት በሬ ሸጠች። የአጎቴን ብድር ወንድሜ እየሠራ ጨርሶ ከፍሏል፣ ይሄን መናገር አለብኝ፤ ሰነፍ ልጅ አይደለም። ሊብሬው ግን በኔ ስም ነው። ያኔ እዛው ስለነበርኩ ራሴ ትራንስፖርት ቢሮ ሄጄ ተሰልፌ፣ ፈርሜ፣ ስሙን አዛውሬያለሁ። ወደዚህ ስመለስ ለወንድሜ የሰጠሁት ውክልና መኪናውን እንዲያሠራ፣ ቦሎ እንዲያስለጥፍ፣ ትራፊክ ቢሮም ሆነ ፍርድ ቤት እንዲቀርብልኝ ነው። «ለመሸጥ ለመለወጥ» የሚል ቃል የለበትም። ጸሐፊው «ይጨመር ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ «አይ ይቅር» አልኩት። ወንድሜን ጠርጥሬው አልነበረም። ሰው ሲቸገር፣ ደላላ ሲያዋክበው፣ በአንድ ፊርማ ምን እንደሚሆን አይታወቅም ብዬ ነው።

ወንድሜ የሚሠራው ኮምቦልቻ ነው። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ይወርዳል። በሌላው ቀን ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ እህል፣ አንዳንዴም የሰው ዕቃ ጭኖ ወደ ደሴ ያወጣል። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ሐረጎን። ከኮምቦልቻ ደሴ ሩቅ አይደለም፣ ግን ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይለያያል፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ነው። የእኛ ሃይሉክስ ቱርቦ የለውም። አሥር ኩንታል ተጭኖበት ሐረጎን ሲያወጣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው፤ ከኋላው ሲኖትራክና አውቶቡስ ተሰልፎ ክላክስ ያንጫርርበታል።

እና ታኅሣሥ ላይ አንድ ማታ ድምፅ ላከልኝ። «እትዬ እንዴት ነሽ? ስሚኝማ፣ አንድ ነገር ተገኝቷል። ደብል ጋቢና ሃይሉክስ፣ የ2008 ሞዴል፣ ቱርቦ ያለው፣ ጌጁ 298 ሺህ ላይ ነው። የኛን ይወስዳል። እትዬ፣ 400 ሺህ ብቻ ነው የምንጨምረው።» የእኛው ጌጅ ያኔ 512 ሺህ አልፎ ነበር። ወረቀት ላይ ካያችሁት ልዋጩ እንዴት ደስ ይላል! በዘጠኝ ዓመት አዲስ የሆነ፣ በኪሎ ሜትር ግማሽ የሚጠጋ፣ ሁለት ረድፍ ወንበር፣ ቱርቦ።

እኔ ግን ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው «ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት። ተነስቼ በልጆቹ እስክሪብቶ በናፕኪን ላይ መታሁት። በዚያን ሰሞን ሪያሉን 34 ብር ብለን፣ 400 ሺህ ብር ማለት ከ11,700 ሪያል በላይ ነው። ለ1300 ሲካፈል ዘጠኝ ወር። ዘጠኝ ወር ምንም ሳልገዛ፣ የስልክ ካርድ እንኳ ሳልሞላ። በእጄ ያለው ደግሞ 12,400 ሪያል ነው፤ እሱም ነሐሴ ላይ ኮንትራቴ ሲያልቅ ጠቅልዬ ገብቼ ኮምቦልቻ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሁለት የስፌት ማሽን ላቆምበት ያሰብኩት ነው። ስለዚህ የቀረበልኝ ጥያቄ «ፒካፑን እንለውጠው ወይ» አይደለም፤ «ሁለት ዓመት ትጨምሪያለሽ ወይ» ነው። እሱ ይሄን አላሰበውም፤ እንዴት ያስበዋል? እኔም አልነገርኩትም ነበር፣ እንደምገባ በድንገት ላስደንቃቸው ፈልጌ።

ያም ሆኖ «አይሆንም» ብዬ አልዘጋሁትም። የወንድሜ ምክንያት ቀልድ አይደለም። እናታችን ስኳር አለባት፣ ደሴ ሆስፒታል ቀጠሮ አላት፤ ሲንግል ጋቢና ላይ ሦስት ሰው ተጣብቆ ነው የሚሄደው፣ እግሯ እያበጠ። ደብል ጋቢና ቢሆን ከኋላ ወንበር እግሯን ዘርግታ ትሄዳለች። ሐረጎም ላይ ቱርቦ ትልቅ ነገር ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ያኔ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ቱርቦ ያለው አየሩን በግፊት ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ ብዙ አይሰማውም። ሌላም ነገር አለ። ከጥር 2016 ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ሀገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ ዋጋው አልወርድ ብሏል። «አሁን ካልያዝነው ከዚህ በኋላ አናገኘውም» የሚለው የደላላው ወሬ ሙሉ ለሙሉ ውሸት አልነበረም። ደላላ ሲዋሽ እውነት ቀላቅሎ ነው እኮ።

አሁን የማማክረው ሰው ማን ነው? የእኛ ቤት ሰዎች አል ኸርጅ የሚባል አካባቢ መዝረዓ አላቸው፣ ሐሙስ ማታ ሁላችንም ተጭነን እንሄዳለን። እዛ መዝረዓ ላይ በር የማይዘጋለት አሮጌ ናፍጣ ሃይሉክስ አለ፣ ለግመሎቹ ሣርና ውሃ የሚመላለስበት። እዚህ ፒካፕን «ዋኔት» እንደሚሉት ታውቃላችሁ። እኛ ጋቢና የምንለውን «ጊማራ» ይሉታል፣ ደብሉን «ጊማራቴን»። ሾፌራችን የፓኪስታን ሰው ነው፣ ሽማግሌ፣ «አንክል» ነው የምለው። ዕድሜውን ሁሉ ናፍጣ መኪና ሲፈታ ሲገጥም የኖረ ነው። ሻይ ይዤለት ሄጄ በዚያች ባልተስተካከለች ዐረብኛችን ጉዳዩን ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሻይውን አስቀምጦ ኮፈኑን ከፈተ።

ያስተማረኝን ልንገራችሁ፣ ለአንዳችሁ ይጠቅም ይሆናል። አሮጌ ናፍጣ መኪና የሚታየው ቀዝቅዞ ሲያድር ነው አለኝ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሁሉም ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ጠዋት፣ ማንም ሳይነካው፣ እጅህን ኮፈኑ ላይ አድርገህ ብርድ መሆኑን አረጋግጥ፤ ከዚያ አስነሳና ጭሱን እይ። ጥቁር ጭስ ሲረግጡት ትንሽ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ብዙ አያስፈራም። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየጠጣ ነው። ነጭ ሆኖ ሞተሩ እየተንዘፈዘፈ ከቆየ ናፍጣው በደንብ እየነደደ አይደለም ማለት ነው፤ ጠዋት የሚያሞቁት ሻማዎች ወይ ኖዝሎቹ ደክመዋል፣ ወይም ሞተሩ ራሱ ላልቷል። ከዚያ የዘይቱን ክዳን ሞተሩ እየሠራ ክፈት፤ እንደ ማንቆርቆሪያ ጭስ እየተፋ ከተነፈሰ ፋሻው አልቋል። ራዲያተሩን ቀዝቃዛ እያለ ክፈት፣ አስነሳና ውሃው ውስጥ አረፋ ይመላለስ እንደሆነ ተመልከት። ሁሉንም በድምፅ እየቀዳሁ በአማርኛ እየመለስኩ ለወንድሜ ላኩለት። «እትዬ መካኒክ ሆንሽ?» አለኝ።

ሌላም አለኝ አንክል። የእናንተ 5ኤል እንደ አህያ ነው፣ ቀርፋፋ ግን ያገኘውን ይበላል። ናፍጣው ትንሽ ቢቆሽሽ፣ ፖምፓው ቢያረጅ፣ የመንደር መካኒክ ፈትቶ ይገጥመዋል። ያኛው 2ኬዲ ይባላል፣ 2.5 ሊትር ነው፣ ኖዝሎቹ በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ናቸው፤ ጥሩ ሞተር ነው፣ ግን ንጹሕ ናፍጣና ንጹሕ ፊልትሮ ይፈልጋል። በደንብ ተይዞ ከሆነ ውሰዱት፤ በበርሜል ናፍጣ ሲሠራ የኖረ ከሆነ ኖዝሉን አንተ ነህ የምትገዛለት። እኔ ደግሞ ጦርነቱ ጊዜ እኛ አካባቢ ናፍጣ በጀሪካን ሲሸጥ የነበረው ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያየው በቀጠሮ ነው የሄደው፣ ከደላላው ጋር። ቪዲዮ ደወለልኝ። መኪናው ታጥቦ ያብለጨልጫል፣ ነጭ፣ ጎማው ሳይቀር ተቀብቷል። «ኮፈኑን ንካው» አልኩት። ነካው። «ይሞቃል» አለ። ባለመኪናው «አሁን ከሱቅ ነው የመጣሁት» አለ። ይሁን። በሳምንቱ ድጋሚ በቀጠሮ ሄደ፤ ያንንም ቀን ሞቆ ጠበቀው። በሦስተኛው ሳይነግራቸው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የምናውቃቸውን መካኒክ ይዞ ሄደ። እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፣ የእኛን ፒካፕ ከተገዛ ጀምሮ የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ባለመኪናው ጋቢውን ለብሶ ወጣ፣ ደስ አላለውም ግን እንቢ አላለም። እኔ እዚህ ቁርስ እየሠራሁ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ ነው የማየው።

አራት ጊዜ ሲሞክረው አልነሳም አለ፣ በአምስተኛው ተነሳ። ግቢው ነጭ ጭስ በጭስ ሆነ። ስልኩ ውስጥ እንኳ ድምፁ ይሰማኛል፣ ካ-ካ-ካ-ካ እያለ። ሦስት አራት ደቂቃ ቆይቶ ረጋ አለ። የዘይት ክዳኑ ሲከፈት ግን ብዙም አይተነፍስም ነበር፣ ራዲያተሩም አረፋ አልነበረውም። መካኒኩ ሐቀኛ ናቸው፣ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ሞተሩ አልሞተም። ኖዝሎቹ ናቸው። አራቱም ወይ ሁለቱ። ዛሬም ሊሄድ ይችላል፣ ዓመትም ሊሄድ ይችላል።» ወንድሜ ይቺን «ሞተሩ አልሞተም» የምትለዋን ያዘ። እኔ ሌላዋን ያዝኩ።

ከዚያ ደግሞ መካኒኩ ኮፈኑ ስር ጎንበስ ብለው ሲያዩ በሽቦ የታሰረች የዘይት መቀየሪያ ካርድ አገኙ። ጥቁር ሆናለች፣ በጣታቸው ጠረጓት። ቀጣይ ዘይት የሚቀየርበት ብሎ የተጻፈው ቁጥር 371,500 ነው። ጌጁ ደግሞ 298 ሺህ ይላል። መኪና ወደ ኋላ አይሄድም መቼም። ባለመኪናው «እኔ ስገዛውም እንዲሁ ነበር» አለ፤ እውነቱን ሊሆን ይችላል። የእኛ 512 ሺህ ግን እኛው ከገዛን ወዲህ እያንዳንዱን መቶ ሺህ ስናየው የነበረ ነው። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ፣ ቴስታታው መቼ እንደተከፈተ እናውቃለን። የማውቀው 512 ከማላውቀው 298 ይሻለኛል ብዬ ለወንድሜ ነገርኩት። «ወሬ ነው» አለኝ።

የጭነቱ ነገርስ? የሲንግሉ ካሶኒ ሁለት ሜትር ከምናምን ነው። ደብሉ ሁለተኛ ወንበር ስለጨመረ ካሶኒው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ሽንኩርት አሥር ኩንታል የሚጭነው ልጅ ሰባት ሊጭን ነው ማለት ነው፣ ያውም ከላይ ከፍ አድርጎ። በናፍጣ በኩል ደግሞ ቱርቦው ይሻላል። የእኛ ተጭኖ በሊትር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ያኛው አሥራ አንድ ይሄዳል አሉ። በቀን 120 ኪሎ ሜትር ቢሠራ፣ በወር 25 ቀን፣ ወደ 60 ሊትር ይተርፋል። ሊትሩን 100 ብር ብንለው በወር 6 ሺህ ብር። ጥሩ ነው። ግን አንዱን ኖዝል ደሴ ላይ 40 ሺህ ብር ብለውታል፣ አራቱ 160 ሺህ። የኖዝሉን ብቻ በናፍጣ ለመመለስ ሁለት ዓመት ከምናምን ይፈጃል። የኔ 400 ሺህ እዚህ ሂሳብ ውስጥ ገና አልገባም።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ ግን የብረት ነገር ነው፣ ብረት ይጠገናል። ያስፈራኝ ወረቀቱ ነው። «ሊብሬውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» ስለው አንድ ሳምንት ፈጀበት። ሲመጣ የተጻፈበት ስም የባለመኪናው አይደለም። ለካ ሰውየው የገዛው በውል ነው፣ ስም አላዛወረም። የሸጠለት ሰው ደግሞ ከሌላ ሰው በውክልና ያገኘው ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ባለቤት ውጭ ሀገር ነው ተባለ። የት ሀገር? አይታወቅም። ውክልና የሰጠ ሰው ውክልናውን ሊሽር ይችላል፣ ሊሞትም ይችላል፤ ሲሞት ውክልናው አብሮት ይሞታል፣ ወራሽ ይመጣል። ሰሌዳው ደግሞ ኮድ 2 ነው፣ ሰማያዊ፣ የግል። የእኛ ኮድ 3 ነው፣ አረንጓዴ፣ የንግድ። በኮድ 2 የሰው ሽንኩርት በኪራይ እየጫነ ሐረጎ ላይ ትራፊክ ሲያገኘው ምን ሊል ነው? ወደ ኮድ 3 ለማዞር ደግሞ ባለቤቱ መቅረብ አለበት። ባለቤቱስ የት አለ?

ይሄን ለአንክል ሳስረዳው ጭንቅላቱን ነቀነቀና «ሲስተር፣ መኪና ዜን፣ ወረቅ ማፊ ዜን» አለኝ። ያቺ ናት አረፍተ ነገሯ። መኪናው ደህና ነው፣ ወረቀቱ ደህና አይደለም።

እንግዲህ እናንተም ሀገር ቤት መኪና የምታስገዙ፣ ከቀለሙ በፊት ሊብሬውን አስልኩ። ስሙን፣ የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን በቪዲዮ ከመኪናው ላይ እያዩ አስነብቡ፣ አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከትራንስፖርት ቢሮ ይጣራ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም፣ ያንንም ጠይቁ። «እሱ በኋላ ይስተካከላል» ካሏችሁ፣ «እሺ፣ ብሩም በኋላ ይላካል» በሉ።

እኔም ለባለመኪናው በወንድሜ በኩል ይሄንኑ አልኩት፤ ሊብሬው ላይ ያለው ሰው ቀርቦ ስም ያዙር፣ ኮዱም ይዙር፣ ከዚያ ስለ ጭማሪው እናወራለን። መልሱ የመጣው በሁለት ቀን ነው፤ ጭማሪውን ወደ 250 ሺህ ቀንሻለሁ አለ። ወንድሜ በደስታ እየጮኸ ነው የነገረኝ። እኔን ግን ያኔ ነው የባሰ የፈራሁት። ስለ ወረቀት ስትጠይቂው ስለ ዋጋ የሚመልስ ሰው ምን ዓይነት ነው? ውክልናውን ከኤምባሲ አልክም፣ ልዋጩ ቀርቷል አልኩ።

ወንድሜ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ያን ቀን ግን «አንቺ እዛ ሆነሽ ስለ ሐረጎ ምን ታውቂያለሽ? ክላክሱን የምሰማው እኔ ነኝ» አለኝና ስልኩን ዘጋ። እውነቱን ነው። የሐረጎን ክላክስ አልሰማሁም። እሱም እዚህ አራት ፎቅ ደረጃ አልወለወለም። አሥራ አንድ ቀን ዝም ተባባልን። እናቴ ደውላ «ልጄ፣ ወንድምሽ ከፍቶታል፣ እኔ እንደሆንኩ በሲንግሉም እሄዳለሁ» አለችኝ። ይሄ ነው ያስለቀሰኝ፣ ሌላው አይደለም። ያን ማታ ነሐሴ ላይ እንደምገባ ነገርኳት። «ለእሱም ንገሪው፣ በሀሳብ ከምታሳብዱት» አለችኝ።

ነገርኩት። ቶሎ አልመለሰልኝም። በነጋታው የመጣው ድምፅ «እትዬ ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም» ይላል፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ «ስንት ኪሎ ሻንጣ ይፈቀድልሻል» ይላል።

2,500 ሪያል ላኩለት፣ 85 ሺህ ብር መጣ። ፖምፓው ወርዶ ተስተካከለ፣ የድሮው ዓይነት ኖዝሎች በርካሽ ተቀየሩ፣ ፍሪሲዮን ተገጠመ፣ ከኋላ ባሌስትራ ተጨመረ፣ ራዲያተሩ ታጠበ። የተረፈችውን ለወንበሩ አደረጋት፤ ስፖንጁ አልቆ ሽቦው ይወጋ ነበርና ለእናቴ ሲባል በአዲስ ተሰፋ። ሐረጎን አሁንም በሁለተኛ ነው የሚያወጣው፣ አልዋሻችሁም። ጥቁር ጭሱ ግን ቀንሷል፣ ናፍጣውም ትንሽ ተሻሽሏል። ክላክሱም እንዳለ ነው።

ያኛው ደብል ጋቢና ተሸጧል። ማን እንደገዛው አናውቅም። ባለፈው ሰኞ ወንድሜ ከባቲ ሲመለስ መንገድ ላይ አየሁት አለኝ። «ቆሞ ነው ወይስ እየሄደ?» አልኩት። «እየሄደ። እንዴት እንደሚወጣ ብታዪው! አልፎኝ ሄደ» አለኝ። «ጭኖ ነበር?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ባዶውን ነው» አለኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን።

አሁን ነሐሴ ላይ ኮምቦልቻ ኤርፖርት ድረስ የሚቀበለኝ እሱ ነው። ሸራ ገዝቷል፣ ክረምት ስለሆነ ሻንጣዎቼ ካሶኒው ላይ እንዳይረጥቡ። እናታችን መሀል ትቀመጣለች ብሎ ነበር፤ እሷ ግን እንቢ አለች፣ በመስኮት በኩል ካልሆነ እግሬን አልችልም ብላለች። ስለዚህ መሀል የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ ማርሹን በጉልበቴ መሀል አድርጌ።